መቶ ሃያኛው ቀን

«በሩ ይዘጋ» አለች ኤድና ፔልኪ። «ደግሞ ዛሬ ሁሉም ይቀመጥ። ቆሞ የሚያዳምጥ አይኑር።»

በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ የተሰበሰቡት ሃያ አንዱ የሱፍ ፋብሪካው ሠራተኞች፣ ባለቤቶቹም እነሱው፣ ሣቁ። መጋቢት ላይ ፋብሪካውን የያዙበት ማኅበር ይፍረስ አይፍረስ ተብሎ ድምፅ በተሰጠበት ቀን፣ ከሜፕል ዛፎቹ ሽሮፕ የሚሠራበት ጣፋጭ ፈሳሽ መውረድ ጀምሮ ነበር። ሽሮፑን ለማንተክተክ የቸኮሉት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በሩ ሥር ቆመው ቀሩ። በዚህ የቬርሞንት መንደር ደግሞ ድምፅ የሚሰጠው በመቆም ነው። ቆጣሪው የቆመውን ሁሉ «ይፍረስ» ባይ አድርጎ ቆጠረው፤ ማንም አልተቃወመም። ኤድናም በሩ ሥር ከቆሙት አንዷ ነበረች። ያን ቀን አፏን የያዘው ግን ሽሮፑ ብቻ እንዳልነበረ ልቧ ያውቃል። ከሠላሳ አራት ዓመት ሽመና በኋላ ደክሟት ነበር።

«ኤድና፣ የሞተ አይነሣም» አለ ኦሪን። የእኅቷ ባል ነው፤ ከሃያ አንዱ አንዱ ሲሆን፣ ንብረቱን ሸጦ ሒሳቡን የሚዘጋው የማኅበሩ አጣሪ ሆኖ የተመረጠውም እሱ ነው። «የመፍረሱ ወረቀት ለመንግሥት ገብቷል።»

«ፈረሰ ማለት ሞተ ማለት አይደለም ያልከኝ አንተው ነህ! አዲስ ሥራ አይጀምርም፤ ያለውን ይሸጣል፣ ያከፋፍላል። የሚሞተው ያ ሁሉ ሲያልቅ ነው። እስከዚያ ሕጋዊ ሰውነቱ አለ።»

«ማሽኖቹን የሚጭነው መኪና ነገ ጠዋት ይመጣል።»

«ባዶውን ይመለሳል። ሕጉ ውሳኔያችንን እንድንሽር መቶ ሃያ ቀን ሰጥቶናል፤ ዛሬ የመጨረሻው ነው። ከሃያ አንዳችን ሁለት ሦስተኛው፣ አሥራ አራት ሰው ይበቃኛል።»

«ያጨድኩትን ሣር ሜዳ ላይ ትቼ ነው የመጣሁት» አለ ክላይድ ከኋላ። «ዝናብ ቢመታው ላሞቼን አንቺ ቤት ነው የማስራቸው!»

«አምጣቸው። እነሱ እንኳ ካንተ ይሻላሉ፤ ሰዓት ያከብራሉ።»

አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ኦሪን ከተቀመጠበት ጠረጴዛውን መታ። «ውሳኔው ይሻር፣ ማኅበሩ ይቀጥል የምትሉ፣ ቁሙ።»

ወንበሮች ተንቋቁ። ክላይድ እያጉረመረመ ተነሣ። ኦሪን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ፤ ደግሞ ቆጠረ።

«አሥራ ሦስት። አልሞላም። ተቀመጡ።»

የተቀመጠ የለም።

«ተቀመጡ እንጂ!»

«ሽረቱን የምናስገባበት የመንግሥት ቢሮ እስኪዘጋ ሁለት ሰዓት አለን» አለች ኤድና። «መጋቢት ላይ ሳናስብ ቆምን። ዛሬ አስበን ነው የቆምነው። መዝገቡ ላይ እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

ኦሪን ብዕሩን አነሣ፤ አልጻፈም። ከእሱ ሌላ ካልቆሙት ሰባት ሰዎች አንዳንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ፤ ሌሎቹ እሱን ያያሉ። እሱ የሚያየው ኤድናን ነበር። ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አኖረና ሊነሣ ሁለት እጆቹን በወንበሩ የክንድ መደገፊያዎች ላይ ጫነ።