አማቴን ፍለጋ የመጡ

አማቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቤት አይወጡም ነበር። ወንበራቸው ላይ ተሰይመው እኔን ሲያርሙ ይውላሉ፤ ሽንኩርት አከታተፌን፣ በር አዘጋጌን፣ አሳሳሌን ሳይቀር።

የሐይቁ ዳር አሮጌ መናፈሻ ታድሶ ሲከፈት ግን «ከባሌ ጋር የምንቀመጥበትን ቦታ አበላሽተውት እንደሆነ ልየው» ብለው ብድግ አሉ። ዛፉም የድንጋይ መቀመጫውም እንደነበሩ ጠበቋቸው። ከዚያ ወዲህ እዚያው ሠራተኞቹን ሲያርሙ ይውላሉ። እኔም እፎይ ብዬ፣ ያሳደሱትን ሰዎች እጃችሁ ይባረክ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ጉንፋን ጣላቸውና ድምፃቸው ጠፋ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት የመናፈሻው አትክልተኛ ከነቱታው ቆሟል፤ ከኋላው ባለጀልባውና ሁለት የማላውቃቸው አሮጊቶች አሉ።

«እማማ ምነው ጠፉብን?» አለኝ። «የሚቆጣኝ ባጣ አበባውን አጣምሜ ተክዬው ቁጭ አልኩ።»

«አውቄው ነበር!» አሉ አማቴ ከመኝታ ቤት፣ በተዘጋ ጉሮሯቸው። «ጫማዬን አምጪ!»

ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሰው እሳቸውን ብሎ በራችንን ሲያንኳኳ የመጀመሪያው ነው። ጎንበስ ብዬ የጫማቸውን ክር ሳስር ዓይኔ እንባ አቀረረ።

«አላልተሽዋል» አሉኝ ከላዬ።

ተመስገን፣ ድነዋል።