ያልተቀደደው ፕላስቲክ

ኮሮና ገብቶ የቂሊንጦው ልብስ ፋብሪካ ትዕዛዝ ሲነጥፍበት፣ መጀመሪያ ከተቀነሱት አንዷ ወርቅውሃ ነበረች። ሰባት ወር ቤት ከዋለች በኋላ "አረንጓዴ ማገገሚያ" የሚሉት ፕሮጀክት መጣና አቃቂ ወንዝ ዳር ችግኝ ጣቢያ አስገባት። ውሉ የአንድ ዓመት ነው። በጥር ቆጠራ ከተተከለው ችግኝ ከመቶው ሰማንያው ጸድቆ ከተገኘ ይታደሳል፤ ካልተገኘ በቃ፣ ደህና ሁኚ ነው።

ወንዙ በፋብሪካ ፍሳሽ አንድ ቀን ሰማያዊ አንድ ቀን ቡናማ ሆኖ ስለሚወርድ ለችግኝ አይታመንም። ከሥራ ባልደረባዋ ከሰልዋ ጋር ከቦኖ በጀሪካን እየተሸከመች ወይራውንም ግራሩንም አሳደገችው። ሰልዋ፣ ለወለድሽው እንኳ እንዲህ አትሆኚም እያለች ትስቅባት ነበር።

ሐምሌ ላይ ሊተክሉ እንግዶች መጡ፤ አዲስ ኮፍያ፣ አዲስ ቲሸርት፣ ካሜራ። ችግኝ ሲተከል ያደገበት ጥቁር ፕላስቲክ ተቀዶ መውጣት አለበት፤ አለዚያ ሥሩ ታፍኖ ይቀራል። ወርቅውሃ ምላጭ ይዛ ስትጠብቅ አስተባባሪው አቶ ሳህሌ ከእጇ ወሰዱት።

"አፈሩ ይፈርስና እጃቸው ይቆሽሻል። ፎቶ አለ፤ እንዳለ ይግባ።"

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ መትከል አይደለም፤ መቅበር ነው።"

"ስንቱ ቤቱ ቁጭ ብሎ አንቺ ሥራ አግኝተሻል። ተመስገን በይ።"

በማግስቱ ወርቅውሃና ሰልዋ ቆፍረው ፕላስቲኩን ሊያወጡ ሄዱ። በየችግኙ አጠገብ የተካዩ ስም ያለበት ሰሌዳ ቆሟል። ጥበቃው የእንግዳ ችግኝ አይነካም ብሎ መለሳቸው። ማጠጣት ግን አልተከለከለም። ዝናቡ ካባራ በኋላም ወርቅውሃ ጀሪካኗን አላስቀመጠችም፤ ማስታመም ይሁን እልህ፣ እሷም አታውቀው።

በጥር ቆጣሪዎች መጡ። የጸደቁት እሷና ሰልዋ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ፕላስቲኩን ቀደው የተከሏቸው አሥራ አንድ ግራሮች ብቻ ነበሩ፤ ፎቶ ያልተነሣባቸው። እነሱም ከሳይቱ ውጪ ናቸው ተባሉና አልተቆጠሩም። ሪፖርቱ ጥፋቱን "የተንከባካቢዎች ቸልተኝነት" አለው። አቶ ሳህሌ ቢሯቸው ጠርተው፣ ውልሽ አይታደስም፣ እዚህ ጋ ፈርሚ አሏት።

ወጣችና አንዱን የደረቀ ወይራ ከነስም ሰሌዳው ነቅላ ተመለሰች። ጥቁሩ ፕላስቲክ ጭረት እንኳ የለበትም። አፈሩ እየረገፈ ከወረቀቱ ላይ አኖረችው።

"አይስጉ ጋሼ" አለቻቸው። "እጅዎ እንዳይቆሽሽ ብዬ ፕላስቲኩን አልቀደድኩትም።"