ዘርፈሽ «ማሺ» ያለች ቀን

ዘርፈሽ አረብኛ የተማረችው ካርቱም፣ ካፉሪ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ግብጻዊት እመቤት ቤት ነው። እመቤቲቱ ሦስት ሴት ልጆች ነበሯቸው፤ ባል የለ፣ ወንድም የለ፣ ድመቷ እንኳ ሴት ነበረች። ከዚያ ቤት ስትወጣ አረብኛዋ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ችግሩ ወንድ የሚባል ፍጥረት መኖሩን የማያውቅ አረብኛ መሆኑ ነው። ሾፌሩን «ኢንቲ»፣ ፖሊሱን «ኢንቲ»፣ የቡሪ ሰፈሩን ሽማግሌ ባለሱቅ ሳይቀር «ኢንቲ» ትላቸዋለች፤ «አንቺ» ማለት ነው። ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች፤ ምን እንዳሳቀው ግን ጠይቃ አታውቅም።

ከካፉሪ በኋላ አርካዊት ሰፈር ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ሰባት ዓመት ሠርታለች። የምታጸዳው በሕንጻው መወልወያና በሕንጻው ሳሙና ነው፤ የምታዛትም የሕንጻው ኃላፊ ሉጥፊያ ናት። ቀጣሪሽ ማነው ከተባለች ግን መልሱ «ሸሪካው» ነው፤ ኩባንያው ማለቷ ነው። ሸሪካው ማለት ደግሞ ጂብሪል፣ አንድ ማኅተምና አንድ የፕላስቲክ ወንበር። ጂብሪል በየሦስት ወሩ አዲስ ውል ያመጣል፣ እሷ ትፈርማለች። ሸሪካው በሰባት ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ስሙን ቀይሯል፤ ሸሚዟ ላይ የተጻፈው ስም በተለወጠ ቁጥር አሮጌውን ሸሚዝ መስኮት ትወለውልበታለች።

ከካርቱሙ ጦርነት በፊት በነበረው ዓመት፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጂብሪል መጣና «ሸሪካው ተዘግቷል። አዲሱ ሸሪካ እስኪጠራሽ ቤትሽ ቆዪ» አላት።

«ማሺ» አለች።

በግብጻዊቷ ቤት «ማሺ» ማለት «እሺ» ነው። የካርቱም ሰው ግን «ማሺ» ሲል «እየሄድኩ ነው» ማለቱ ነው። ጂብሪል በሁለት ምስክር ፊት የሰማውን ቃል ደስ ብሎት ጻፈው፦ በገዛ ፈቃዷ ሥራ ለቃለች።

እሷ ምኑን ታውቃለች! ሦስት ሳምንት ስልኳን ታቅፋ ጠበቀች። በመጨረሻ ብትሄድ መወልወያዋን ሌላ ሴት ይዛዋለች፤ ሰባት ዓመት ያጠበችው ደረጃ ላይ አንድ የማታውቀው ዘበኛ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አላት። የዚያን ዕለት ዘርፈሽ ሳቅ ጠፋባት። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ለዚያ ደረጃ ሰጥታ ስታበቃ ማን ይቀጥራታል?

የጎረቤቷ ልጅ ኤደን ነገሩን ሰምታ ነደደች። ኤደን ካርቱም ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ ትንሽ ያነክሳል። «እትዬ ዘርፌ፣ ያላ ተነሺ! የሥራተኛ መክተብ እንሄዳለን። ሀቅሽን ይሰጣሉ፣ ኢንሻአላህ» ብላ እየጎተተች ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወሰደቻት።

ጉዳዩን የሚሰሙት ሰው ሁሉ በአክብሮት ኡስታዛ ሀዋ የሚላቸው፣ ሲስቁ ታይተው የማያውቁ ሴት ነበሩ። ጂብሪል ተጠርቶ መጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጂብሪል ሞኝ ባይሆንም ወረቀቱን ጨብጦ ወይ ፍንክች አለ።

«እኔ ይቺን ሴት የማውቃት ሦስት ወር ነው፤ ውሉም ይኸው፣ ሦስት ወር ይላል። እሷም በገዛ አፏ ‹ማሺ› ብላ ሄደች።»

ኤደን ዘላ ገባች። «ሴት ስትሄድ ‹ማሽያ› ነው የምትለው! ‹ማሺ› የሚለው ወንድ ነው። እትዬ ወንድ ናት እንዴ?»

«ለዘርፈሽ ወንድና ሴት ምኗ ነው!» ብሎ ጂብሪል ሳቀ።

ኡስታዛ ሀዋ ወደ ዘርፈሽ ዞረው የምትለው ካለ እንድትናገር ፈቀዱላት። ዘርፈሽ ግን ዳኛም ጸሐፊም አልታያትም፤ የታያት ጂብሪል ብቻ ነው። በዚያው በአረብኛዋ «ጂብሪል፣ አንቺ፣ ምን በደልኩሽ?» አለችው። «ሚስትሽ ስትወልድ ገንፎ ይዤልሽ አልመጣሁም? እንዴት አስቻለሽ?»

ጸሐፊው ፊቱን በመዝገብ ሸፈነ። በር ላይ የቆመው የቢሮው ዘበኛ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወደ ውጭ ሮጠ። ጂብሪል ደም መስሎ ብድግ አለ።

«ይኸው! ይኸው ይስሟት ኡስታዛ! ሰባት ዓመት ሙሉ ሴት አድርጋኝ ኖረች! ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት ስታዋርደኝ...»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ስንት ዓመት?» አሉ ኡስታዛ ሀዋ።

«ሦስት ወር» አለ ጂብሪል፣ ለራሱም በማይሰማ ድምፅ።

«ሰባት ዓመት አንተን ሴት ስትል የኖረች፣ ራሷ ስትሄድ ነው ወንድ የምትሆነው?» አሉት። ቀጠሉና መወልወያው የማን እንደሆነ ጠየቁት። የሕንጻው ነው አለ። ሳሙናውስ? እሱም የሕንጻው። የሚያዛትስ? ሉጥፊያ። «እንግዲያው ሠራተኛዋም የሕንጻው ናት» ብለው ጻፉ። ከእሑድ ጀምሮ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ ሰባቱም ዓመት እንዲቆጠርላት።

የውሳኔው አረብኛ የመጽሐፍ ስለሆነ ኤደን ተረጎመችላት። ዘርፈሽ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት፤ ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሲወጡ ጂብሪል ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«ምን ቀረህ?» አሉት ኡስታዛ ሀዋ።

በሩን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእኔም ውል የሦስት ወር ነው ኡስታዛ። ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ እዚህ የሆነውን የሸሪካው ባለቤቶች ሲሰሙ ነገ እኔንም ቤትህ ቆይ ይሉኛል።»

ሴትዮዋ አዲስ ቅጽ አወጡ። «የሰው ምስክር አለህ?»

ጂብሪል አቀረቀረ። ኤደን በሩ ላይ ጆሮዋን ጥላ ስትሰማ ቆይታ ለዘርፈሽ በሹክሹክታ ነገረቻት። ዘርፈሽ እስከዛሬ ስትረግመው የከረመችውን ሰው አየችው፤ ተናደደች፣ ደግሞ አሳዘናት። «ሆድ ምን ክፉ ነገር ነው!» አለችና ተመልሳ ገባች። ወንበር ስባ ከአጠገቡ ተቀመጠች።

«ለሰባቱ ዓመት እኔ አለሁ» አለች፤ «የቀሩትን ሁለቱን አላየሁም።»