ቦራ ሳይጮህ

አሳየሽ ከሕክምና ክፍሉ በር ፊት ቆም ብላ ወገቧን አቀናች፤ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከዚያ ገባች። ከሻንቶ እስከ ሶዶ በሚኒባስ ስትመጣ ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ብረት እንቅ አድርጋ ይዛ ነበርና መዳፏ ላይ ምልክቱ አልጠፋም። እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው።

«ሳሮ እናቴ» አለ ነርሱ ይልቃል። ከጎጃም ተመድቦ ሶዶ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከወላይትኛ ግን ከሰላምታው ብዙም አልዘለቀም። «ሕመሙ ዛሬ እንዴት ነው? ምንም ካልተሰማዎት ዜሮ፣ ከዚህ የባሰ የለም ካሉ አስር። ስንት ልጻፍ?»

«ሁለት።»

አጠገቧ የቆመችው ልጇ ሜሪ ዞር ብላ አየቻት። አሳየሽ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ማንበብ ጀመረች።

ይልቃል ሁለት ብሎ ጻፈ። «እንግዲያው የበፊቱ ክኒን ይበቃል ማለት ነው። የአዲስ አበባው ቀጠሮ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። የማህፀን በር ካንሰሩን በጨረር ማከም ከመጀመራቸው በፊት የሚያነሱት ፎቶ አለ፤ ጨረሩ የት የት እንደሚያርፍ የሚለኩት በሱ ነው። ጠንካራ አልጋ ላይ በጀርባ ተዘርግቶ ሃያ ደቂቃ ያህል ንቅንቅ ማለት የለም። ከተንቀሳቀሱ ልኬቱ ይበላሻል፤ እንደገና ሌላ ቀጠሮ መጠበቅ ሊመጣ ነው። ይችላሉ አይደል?»

«መተኛት አይደል እንዴ? ምን ይከብዳል» አለች አሳየሽ።

ግቢው ውስጥ ሜሪ ከፊቷ ቆመች። «ሁለት?»

«ዝም በይ።»

«ትናንት ጎረቤቱን ሁሉ ያሰባሰበው ጩኸት ሁለት ነው?»

«ዝም በይ አልኩሽ፤ ሰው ይሰማል።»

አሳየሽ ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ በሬ ስታደልብ የኖረች ሴት ናት። በየዓመቱ አንድ በሬ ቤት ውስጥ አስራ፣ እየቀለበች፣ ገላውን እያሸች ታሳድርና የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ወደ በዴሳ ገበያ ታወጣዋለች። ከገበያው የተማረችው ነገር ቢኖር በሬ ቢያነክስ ማንከሱን ማሳየት እንደሌለባት ነው። ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የታመመው እግር ወደ አጥሩ ይዞራል፣ ገዢ ሲመጣ ዝም ብሎ ይቆማል። ገዢ አንዴ ማንከሱን ካየ ሥጋውን ዞሮ አያይም። ለጨረሩ ወረፋ የያዘው ሰው ብዙ መሆኑን ሰምታለች። የምታቃስት ሴት ከሚያክሙ ደህና የምትቆመውን ቢያክሙ ይመርጣሉ ብላ አሰበች፤ ስሟን ይሰርዙና የሌላ ይጽፋሉ። ይህን ለሜሪም አልነገረቻትም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሜሪ ለበሬው የስኳር ድንች ሐረግ ስትከትፍ፣ አሳየሽ ጠራቻት።

«ያንን የድሮውን በር አምጪና መሬት ላይ አጋድሚልኝ።»

«ለምን?»

«አምጪ ስልሽ አምጪ። ስልክሽንም ያዢ፤ ደቂቃ ትቆጥሪያለሽ።»

ሳንቃው ላይ በጀርባዋ ተዘረጋች። መጀመሪያ ጣሪያውን አየች። ከዚያ ወገቧ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነሣ፤ እሳት እንደነካው ገመድ እየተንቀለቀለ ወደ ጭኗ ወረደ። ጥርሷን ነከሰች። ነጠላዋን ነከሰች። በመጨረሻ ጉልበቷን ወደ ደረቷ ሰብስባ በጎኗ ተንከባለለች።

«ስንት ሆነ?»

ሜሪ ስልኩን አየች። «አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ።»

«ሃያ ነው ያለው?»

«ሃያ ነው ያለው፣ እማዬ።»

አሳየሽ መሬት ላይ በግንባሯ ተደፋች። ፊቷን ከአፈሩ ሳታነሣ፣ «ነገ ሶዶ እንሄዳለን» አለች።

በሚቀጥለው ቀን ከበሩ ፊት ወገቧን አላቀናችም። እያነከሰች፣ የሜሪን ትከሻ ይዛ ገባች።

«ዘጠኝ» አለች፣ ገና ሳትጠየቅ።

ይልቃል መዝገቡን ገልጦ አየ። «በሁለት ቀን ከሁለት ወደ ዘጠኝ? ምን ተፈጠረ?»

«ምንም አልተፈጠረም። ያኔም ዘጠኝ ነበር።» ከዚያ የበሬውን ነገር ነገረችው፤ ገዢውን፣ አጥሩን፣ የሚዞረውን እግር። ስትነግረው አንገቷን ደፍታ ነበር። ቀና ስትል ይልቃል ሳቁን ለማፈን እየታገለ ነበር፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

«እናቴ፣ እዚህ ገበያው የተገላቢጦሽ ነው» አላት። «እኛ የምንፈልገው የሚያነክሰውን ነው። ስምዎን የሚሰርዝ ማንም የለም። ሕመሙን ከደበቁኝ ግን ያ አልጋ ራሱ ይመልስዎታል።»

ሐኪሟ ተጠርታ መጣች፤ መረመረቻት። የሞርፊን ሽሮፕ አዘዘችላት፤ አብሮም የሆድ ድርቀት እንዳይዛት ሌላ መድኃኒት። ይልቃል የሽሮፑን መጠን በመርፌ አልባ ስሪንጅ እየቀዳ ለሜሪ አሳያት። ጠዋት አስራ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት፣ ማታ አስራ ሁለት፣ ለመኝታ ደግሞ አራት ሰዓት ላይ እጥፍ። «ሕመሙ ኖረም አልኖረም፣ በሰዓቱ» አለ፤ ይህንን ሁለት ጊዜ ደገመው። «ካልበቃዎት ይደውሉልኝ፤ ሐኪሟ ትጨምራለች። በራስዎ ግን አይጨምሩ።»

ማታ ጎረቤቷ ቦሼ ሊጠይቃት መጣ። የከብት ደላላ ነው፤ ባሏ በሕይወት ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ከቤቱ አይጠፋም። ጠርሙሱን አንሥቶ ወደ መብራቱ አስጠጋውና ፊቱ ተለወጠ።

«የሜሪ እናት፣ ይሄማ ለወንድሜ የሰጡት ነው። በዚያው ሳምንት ነው የቀበርነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ አሳየሽ ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ፣ ከጨው ዕቃው ኋላ አስቀመጠችው። ሜሪ ብትለምናት፣ ብትቆጣት፣ «ሲብስብኝ እወስዳለሁ» ከማለት ሌላ መልስ አልነበራትም። ሲብስባት ወሰደች። ግን ሕመሙ ቀድሟት ሄዶ ነበር፤ መድኃኒቱ ከኋላ ከኋላ እየሮጠ አልደረሰበትም። ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። ሳንቃው ላይ ሁለት ደቂቃ መሙላት አቃታት።

በሦስተኛው ቀን ሜሪ ከገበያ ዘገየች። የበሬው መብል ሰዓት፣ አራት ሰዓት፣ አለፈ። በሬው ቦራ መጀመሪያ እግሩን ለወጠ፣ ከዚያ ገመዱን ሳበ፣ ከዚያ ቤቱን የሚያናጋ ጩኸት ጮኸ። ሜሪ እየሮጠች ስትገባ አሳየሽ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«እስኪጮህ ይጠበቃል እንዴ? በሬ እስኪጮህ ይጠበቃል? ስንት ጊዜ ነው የምነግርሽ! ከጮኸ በኋላ የምትሰጪው ለጩኸቱ ነው፤ ሥጋ አይሆነውም! የሚደልብ በሬ የሚበላው ሳይርበው ነው፣ በሰዓቱ...»

እዚያው ላይ ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

ሜሪ የያዘችውን ሐረግ ቦራ ፊት ጣለችለት። እጇን አራገፈች፣ ታጠበች፣ ወደ መደርደሪያው ሄደች፣ ከጨው ዕቃው ኋላ ጠርሙሱን አወጣች፣ ቀዳች። ስሪንጁን ዘረጋችላት።

አሳየሽ ልጇን አየቻት፤ በሬውን አየችው።

«አንድም ቃል እንዳትናገሪ» አለች።

«ምን ተናገርኩ?»

ወሰደች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቦራና አሳየሽ በአንድ ሰዓት በሉ። የሜሪ ስልክ ሲጮህ አንዱ ሐረጉን፣ አንዷ ሽሮፑን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንቅልፍ ጣላት፤ ሜሪ ደንግጣ ደወለች፤ ይልቃል ስትጠራት እንደምትነቃ፣ አተነፋፈሷም ደህና እንደሆነ ጠይቆ፣ «የስንት ወር እንቅልፍ ዕዳ አለባቸው፤ ይተኙ፣ አንቺ ግን እያየሻቸው» አላት። በሦስተኛው ቀን ነቃች። ገንፎ ጠየቀች። ሐኪሟ በስልክ መጠኑን ትንሽ ከፍ አደረገችላት።

ሳንቃው ላይ አራት ደቂቃ ተኛች። ከዚያ ሰባት። ቦሼ መጥቶ ሲያያት በሩ ላይ ቀረ።

«እንዴ፣ ሳትሞቺ እንደ ሬሳ አስተኙሽ?»

«ና ግባ፣ ሰዓት ያዝ። የሜሪ ስልክ ይቸኩላል።»

ቦሼ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ የእጅ ሰዓቱን አወለቀ። ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ወንድሜም እኮ ሲወስደው ስቆ ነበር» አለ። «ያን ሳምንት። ልጆቹን ጠርቶ አጫውቷቸው ነበር። የገደለው እሱ እየመሰለኝ...» ሰዓቱን አየ። «ምነው ቀደም ብለው በሰጡት።»

አሳየሽ ከሳንቃው ሳትነቃነቅ እጇን ብቻ ዘርግታ ጉልበቱን ነካች።

«ተንቀሳቀስሽ!» አለ ቦሼ ዓይኑን እየጠረገ። «ከአንድ ጀምሪ!»

በአስራ ስምንተኛው ቀን ሃያ ደቂቃ ሞላች። ቦሼ እስከ መንገዱ ወጥቶ ለባጃጅ ሹፌሮቹ ሁሉ አወራው።

አዲስ አበባ ያለው አልጋ ከሳንቃው ጠንከር ይላል፤ ቀዝቀዝም ይላል። የአራት ሰዓቱን ወስዳ ነበር የገባችው። ትዕዛዝ የምትባል ወጣት ባለሙያ እግሮቿን አስተካከለችላት፤ ትንፋሽ እንጂ ሌላ እንዳይንቀሳቀስ ነግራት ወጣች። በሩ ተዘጋ። መሣሪያው ማጉረምረም ጀመረ።

ወገቧ ላይ ያለው ነገር ነበር፤ አልጠፋም። ግን እንደታሰረ ከብት ጥጉን ይዞ ተኝቷል። አሳየሽ ዓይኗን ጨፍና በሬዎቿን ከመጀመሪያው ጀምራ አንድ በአንድ ጠራች፤ መልካቸውን፣ ቀንዳቸውን፣ የትኛው ጨው እንደሚወድ፣ የትኛው እንደሚዋጋ። አስራ ዘጠነኛው ላይ ደርሳ ቦራን ልትጠራ ስትል በሩ ተከፈተ።

«ጨረስን፣ እናቴ። እንደርስዎ ቀጥ ብሎ የተኛልኝ ሰው የለም፤ አንቀላፍተው ነበር?»

«አላንቀላፋሁም። ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ትዕዛዝ ሆዷ ላይና ግራ ቀኝ ዳሌዋ ላይ በቀለም ትናንሽ ምልክት አደረገችላት፤ ጨረሩ ሰኞ እንደሚጀመር ነገረቻት። ቅጹን እየሞላች፣ «ሕመሙ አሁን ከአስር ስንት ነው?» አለች።

«ሁለት።»

ከበሩ ሥር የምትጠብቀው ሜሪ ቀና አለች። አሳየሽ በዚህ ጊዜ ዓይኗን አላሸሸችም።

«የእውነት ሁለት ናት» አለቻት።

ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ቦሼ ደወለ።

«ስንት ደቂቃ?»

«ሃያ ሁለት።»

«ሃያ ሁለት!» ጩኸቱ ከስልኩ አልፎ መተላለፊያው ላይ ተሰማ፤ ወረፋ የያዙ ሰዎች ዞረው አዩ። ከቦሼ ጀርባ የሻንቶ ድምፅ ይሰማል፤ ባጃጅ፣ የሚጠራሩ ሰዎች። «ሰምታችኋል? ሃያ ሁለት!»

የሜሪ ማንቂያ ጮኸ። ስምንት ሰዓት። አሳየሽ ቦርሳው ሳይከፈት እጇን ዘርግታ ጠበቀች።

«ቦሼ፣ ወሬህን ተውና» አለች በስልኩ። «ስምንት ሰዓት ሆኗል። ቦራ በልቷል?»

«እያላመጠ ነው፣ አታስቢ።»

«እሺ» አለችና የራሷን ጠጣች።