ሠርካለም በኽምጣንጋ የተናገረችው ወንጌል

ሠርካለም ቤሩት ሰባት ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ የካቶሊክ እምነት ተቀብላ ነበር። ሰቆጣ ተመልሳ ልብስ ስፌት ቤት ከከፈተች በኋላም አንድ ልማዷን አልተወችም። ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ወንጌል ታነብና የተሰማትን በድምፅ ቀድታ፣ ቤሩት ለቀሩት ጓደኞቿ በቴሌግራም ትልካለች።

ያን ዕለት የተራው ንባብ ከሉቃስ ነበር፤ ዘጠና ዘጠኙን በጎች ትቶ የጠፋችዋን አንዲቷን ስለሚፈልገው ሰው።

«እህቶቼ፣ እኛ አገር እንዲህ የሚያደርግ እረኛ ቢኖር ሞኝ ነው የሚባለው» ብላ ጀመረች። «ዘጠና ዘጠኙን ለማን ጥሎ?»

ከዚያ አባቷ ትዝ አሏት። አንዲት ፍየላቸው ገደል ገብታ ቀኑን ሙሉ በስሟ እየጠሩ ሲፈልጓት ውለው ነበር። ይህን ስታወራ ሳይታወቃት አፏ ከአማርኛ ወደ ዋግ አገዎች ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣንጋ ዞረ። አባቷ ፍየሊቱን የጠሩት በኽምጣንጋ ነዋ! «እግዜርም የሚጠራን በገዛ ቋንቋችን ይመስለኛል» ብላ ጨረሰችና ላከችው። ብዙዎቹ ቋንቋውን እንደማይሰሙት ትዝ ሲላት ልታጠፋው አሰበች፤ ግን ደንበኛ ገባባትና ረሳችው።

ሁለት ሰዓት ላይ ከማታውቀው ቁጥር የድምፅ መልእክት መጣ። የሴት ድምፅ ነው፤ እየተንተባተበች በኽምጣንጋ ታወራለች።

«ዝናሽ እባላለሁ፤ የኛው የዋግ ዝቋላ ልጅ ነኝ፤ ያለሁት ቤሩት ነው። አሠሪዬ የድሮ ስልኬን ከቀማችኝ ወዲህ፣ ሌላ ስልክ ባገኝም የማንም ቁጥር የለኝም። ጎረቤቴ ‹ያገርሽ ቋንቋ ነው መሰለኝ፣ ስሚው› ብላ ላከችልኝ። ቋንቋችንን ከሰማሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። እናቴ የትናየት ትባላለች። በሕይወት አለች?»

ሠርካለም መቀሱን ጥላ ብድግ አለች። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣውን ሰውዬ «ነገ!» አለችውና በሩን ቆልፋ ሮጠች። ትናንት ገበያ ስለነበር የዝቋላ ሰዎች የሚመለሱት ዛሬ ነው። መነኸሪያ ስትደርስ ወደዚያ የሚሄደው አይሱዙ ሞተሩን አስነስቷል።

«የትናየት የምትባል እናት የሚያውቅ አለ? ልጇ ዝናሽ የምትባል!» ብላ ጮኸች።

ጭነቱ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቀና አሉ። አቶ ወንዳወቅ ይባላሉ። «ጎረቤቴ ናት። ልጅቷማ ሞተች ተብሎ ተዝካሯ ወጥቷል።»

«አልሞተችም! እናትየውስ አሉ?»

«አለች። ጉልበቷ ነው እንጂ ደህና ናት።»

ሠርካለም ሌላ አልጠየቀችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ መኪናው ላይ ወጣች። መንገዱ ሲያንገላታት ዋለ፤ እሷ ግን መልእክቱን ደጋግማ ለአቶ ወንዳወቅ ታሰማለች፣ እሳቸው ደጋግመው ያማትባሉ። መኪናው የሚሄድበት ሲያልቅ አንድ ሰዓት በእግር ተጓዙ።

የትናየት ደጃፋቸው ላይ ማሽላ ያበጥሩ ነበር። የመጣችበትን ስትነግራቸው ሰፌዱን አስቀመጡና «አታታልዪኝ፣ ልጄ» አሉ።

እዚያ ኔትወርክ የለም፤ ያለው ከሰፈሩ በላይ ጉብታው ላይ ነው። አቶ ወንዳወቅ በቅሎ አመጡ። እናትየዋን ጭነው ሲወጡ ወሬው ቀድሟቸው ኖሮ መንደሩ እንዳለ ተከተለ። ስልኩ ሁለት መስመር እንደያዘ ሠርካለም ደወለችና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው።

«ሃሎ?» አለች ዝናሽ።

የትናየት ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ልጄ ከሆንሽ፣ ግንባርሽ ላይ ያለውን ጠባሳ ከየት አመጣሽው?»

«ከወፍጮው ድንጋይ ነዋ፣ እማ! አንቺው አይደለሽ በቅቤ ያሸሽኝ!»

ጉብታው በእልልታ ተናወጠ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር እናትየዋ ሠርካለምን አንገቷ ላይ ተጠምጥመው ይስሟት ጀመር።

«በምን አገኘሻት? ማርያምን፣ ንገሪኝ!»

«የዛሬውን ወንጌል ነው ያነበብኩት፣ እማማ። ሌላ ምንም አላደረግሁም።»

የትናየት እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና አጠገባቸው ያለው ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። «በይ፣ ምን ይላል? ለእኔም ንገሪኝ። በኛው ቋንቋ።»

ሠርካለም እየሳቀች ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው።