የአልጋው ራስጌ

«ቀስ! ናስር፣ ቀስ በል እንጂ! ሽንኩርት የጫንክ መሰለህ?»

ሲራክ ከትራክተሩ ኋላ እየሮጠ ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ሆዱም ለሩጫ የሚመች አይደለም። ሆኖም ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው ፒስታ መንገድ ላይ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከትራክተሩ ዘሎ ይወርድና ከሚጎተተው ካራቫን ጎን ለጎን እየሮጠ ግድግዳውን በመዳፉ ይደግፋል። ያን የሚያህል ቤት በአንድ ሰው መዳፍ የሚቆም ይመስል። የትራክተሩ ሹፌር ናስር ዞር እያለ ያየውና ይስቃል።

«አንተ ሰውዬ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትሸኘው?»

«ከሙሽራም ይብሳል። የጠረጴዛው ፎርማይካ ቢሰነጠቅ ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

ካራቫኑ በአንድ ጥንድ ጎማ የሚሄድ፣ ጣሪያው የጎበጠ፣ ሁለት መስኮትና አንድ በር ያለው ትንሽ ቤት ነው። ዕድሜው ከሲራክ ይበልጣል። ድሮ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ለቀያሽ መሐንዲሱ መኖሪያ ያስመጣው ነበር፤ ከደሴ እስከ ቆቦ፣ ከወልድያ እስከ ላሊበላ ተራራውንም ቆላውንም ያዳረሰው፣ የድርጅቱ ሹፌር ጋሽ ኡበይደላ በሚነዱት መኪና እየተጎተተ ነው። ድርጅቱ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ እሳቸው በጨረታ ገዝተው ግራና ካለው ግቢያቸው አስገቡት። ከዚያ በኋላ የሽንኩርት ማከማቻ ሆነ፤ ቀጥሎ የዶሮዎች ቤት፤ በመጨረሻም የማንም አልሆነም።

ከሁለት ወር በፊት የጋሽ ኡበይደላ ልጅ ኢሕሳን ካራቫኑን አስጎትታ መርሳ፣ አስፋልቱ ዳር ካለው የሲራክ አናጢ ቤት ደጃፍ ስታቆመው ሲራክ በሩን ከፈተና አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ አለ። ኮምፔርሳቶው በስብሶ እንደ እንጀራ ይቆረሳል። ወለሉ ላይ የዶሮ ኩስ ደርቆ ሲሚንቶ ሆኗል።

«እህቴ፣ ይኼን ከማደስ አዲስ ቤት መሥራት ይቀላል» አላት።

«አውቃለሁ» አለች ኢሕሳን። «ግን አባዬ እዚያ ውስጥ ካልተኛሁ ብለዋል። ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙም ብዙ ተስፋ አልሰጠንም።»

ጋሽ ኡበይደላ ያን ጊዜ ገና በምርኩዝ ይሄዱ ነበር። በሳምንት ሦስቴ ከግራና በባጃጅ እየመጡ ከአናጢ ቤቱ ጥላ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዝዙ ነበር። የውስጡን ነገር ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ጠረጴዛው ወደ ግድግዳ የሚታጠፍ ነው፤ ቁም ሳጥኑ መኪናው ሲናጥ እንዳይከፈት የነሐስ መቀርቀሪያ ነበረው፤ ከመስኮቱ በላይ ኩባያ የሚሰቀልባቸው አራት ሚስማሮች ነበሩ፤ ሦስተኛው ትንሽ ጠማማ ነው።

«ጠማማውንም ጠማማ አድርጌ ልምታው?» አለ ሲራክ ሊያሾፍባቸው።

«እንዴታ! የኢንጂነሩ ኩባያ እዚያ ላይ ነበር የሚሰቀል።»

«እርስዎስ? የእርስዎ ኩባያ የትኛው ላይ ነበር?»

ሽማግሌው ሳቁ። «የኔ ኩባያ መኪናው ውስጥ ነበረች። ልጄ፣ እኔ ይኼን ነገር ሃያ ሁለት ዓመት ጎትቼዋለሁ። ጠዋት ጠዋት እጠርገዋለሁ፣ አልጋውን አነጥፋለሁ። አንዲት ሌሊት ግን አልተኛሁበትም። ኢንጂነሩ ከላይ፣ እኔ ሸራ አንጥፌ ከሥሩ። ሲገላበጥ የአልጋው ሲጢጥታ ይሰማኝ ነበር።»

«አንድ ቀን እንኳ ግባ አላለዎትም?»

«ለምን ይለኛል? ሹፌር ነኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝናብ ሲከብድ ሌላ ሸራ ይጨምርልኝ ነበር» አሉና በምርኩዛቸው መሬቱን ቆረቆሩ።

ሲራክ ያን ቀን ሚስማሩን መታ፤ ጠማማ አድርጎ። ከዚያ ወዲህ ሥራው ሥራ ብቻ መሆኑ ቀረ። የገዛ አባቱ አቶ ይርጋ መንገዱ በጦርነቱ በተዘጋባቸው ወራት ወልድያ ላይ ሞተው ነበር፤ እሱ ዕቃ ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ እዚያው ቀርቶ። ሲመለስ አርባቸው አልፎ፣ መቃብራቸው ላይ ሣር በቅሎ ደረሰ። አፋቸውን በውኃ አላራሰም፣ አፈር አላለበሰም። ይህን ለማንም አያወራውም፤ ግን ጋሽ ኡበይደላ ከወንበራቸው ሲነሱ ክንዳቸውን በያዘ ቁጥር አባቱን የያዘ ይመስለው ነበር። ደስ ይለው ነበር፣ ያመውም ነበር።

ከሁሉ በላይ የተጠበበው ለአልጋው ነው። በዋንዛ ሠራው። ሽማግሌው በጀርባ ቀጥ ብለው ሲተኙ ስለሚያፍናቸው ራስጌውን ከፍ፣ ግርጌውን ዝቅ አድርጎ፣ ከወለሉና ከግድግዳው ጋር በኮላም በብሎንም አጣበቀው። አልጋውን ሊጀምር ሲል ኢሕሳን አባቷ እንዳይሰሟት ወደ ጓሮ ወስዳ ለምናው ነበር።

«ሲራክ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ። የሰው ነገር አይታወቅም። በቀኝ ጎናቸው ሲተኙ ፊታቸው ወደ ቂብላ እንዲሆን አድርገህ ሥራልኝ።»

«ይኼ ደግሞ ምን ማስቸገር አለው?» አላት ሲራክ። የወሎ ልጅ ነው፤ ቂብላ፣ የመካ አቅጣጫ፣ በስተሰሜን መሆኑን፣ ሙስሊም ሲያጣጥርም ፊቱን ወደዚያ እንደሚያዞሩት ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ አድጎ ያውቃል። በዚያው ሰዓት ካራቫኑ ውስጥ ገብቶ በጠመኔ ወለሉ ላይ ምልክት አደረገ፦ ራስጌ በምሥራቅ፣ ግርጌ በምዕራብ። ሁለት ጊዜ አረጋገጠ፤ ኢሕሳንም ገብታ አይታ መረቀችው።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ኡበይደላ መምጣት አቆሙ። ትናንት ማታ ኢሕሳን ደወለችና «ያለቀውም ያላለቀውም ይምጣ» አለችው። ሲራክ የመጨረሻውን ቫርኒሽ ተወውና ዛሬ ጠዋት ናስርን ለምኖ ተነሣ።

ግራና ሲደርሱ ሰዓቱ ስድስት ሆኖ ነበር። የግቢው በር በምዕራብ በኩል ነው፤ ናስር ትራክተሩን በጭንቅ አስገብቶ ካራቫኑን እስከ ማንጎው ሥር ጎተተው፤ ፈታውና በጓሮው የሽንኩርት መደብ ዳር ወጥቶ ወደ ሌላ ሥራው ሄደ። ሲራክ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገባ፤ ክሪኩን አቁሞ ወለሉን አስተካከለ። ከዚያ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር ሆኖ ሽማግሌውን ከነወንበራቸው ተሸክሞ አስገባቸው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሽ ሰው ሆነዋል።

ጋሽ ኡበይደላ በእጃቸው መቀርቀሪያውን ነኩ። ጠማማውን ሚስማር ነኩ። አልጋው ላይ ሲያስተኟቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቆዩና በቀስታ ወገባቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

«አይጮህም» አሉ።

«በብሎን ነው ያሰርኩት፤ አይጮህም» አለ ሲራክ።

«ለካ እንዲህ ኖሯል። ለካ ሰውየው እንዲህ ነበር የሚተኛ» አሉና እንባቸው በሁለቱም ጆሮዎቻቸው በኩል ወረደ። ኢሕሳን በነጠላዋ ጠረገችላቸው። ሲራክ የሚያየው ነገር ያለ ይመስል የቁም ሳጥኑን በር ይከፍት ይዘጋ ጀመር።

ከሰዓት በኋላ ትንፋሻቸው ተቀየረ። ረጅም ይስቡና ይቆያሉ። ጎረቤታቸው ሼህ አብዱልጀሊል ተጠርተው መጡ፤ አዩአቸውና ለኢሕሳን «በቀኝ ጎናቸው አዙሪያቸው፣ ልጄ» አሏት። እሷና ሲራክ ቀስ አድርገው አዞሯቸው። ጋሽ ኡበይደላ ዓይናቸውን ገለጡ። በፊት ለፊታቸው ባለው መስኮት የሚያውቁትን ማንጎ፣ የሚያውቁትን የጎረቤት ጣሪያ አዩ።

«ቂብላው ወዲህ ነው እንዴ?» አሉ።

ሲራክ በአእምሮው መርሳ ተመለሰ። እዚያ የካራቫኑ መጎተቻ ብረት ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ምዕራብ ነበር። እዚህ ወደ ማንጎው፣ ወደ ምሥራቅ ነው። ራስጌው ምዕራብ ሆኗል። ፊታቸው ወደ ደቡብ ነው፤ ለቂብላ ጀርባቸውን ሰጥተዋል። ቤቱ ጎማ እንዳለው፣ የሚዞር መሆኑን፣ እሱ ራሱ ጎማውን በእጁ ቀይሮ ረስቶታል።

«በመድኃኔዓለም! ምን አደረግሁ!» አለና ራሱን ያዘ።

ኢሕሳንም ገባት። «እኔም አይቼዋለሁ እኮ። እኔም አላሰብኩትም» አለች።

በግራ ጎናቸው እንዳያስተኟቸው የደከመው ልባቸው ያፍናቸዋል፤ ትራስ በግርጌው በኩል ደርድረው ሊያዞሯቸው ሞከሩ። አልጋው ወደዚያ ስለሚያዘቀዝቅ ገና ሲያነሷቸው ታፈኑ፤ ከንፈራቸው ጠቆረ። ወዲያው መለሷቸው።

«ወደ ቤት እናግባዎት አባዬ? እዚያ እናስተካክልዎታለን።»

ጋሽ ኡበይደላ የአልጋውን ጠርዝ ጨበጡ። «አታውርዱኝ» አሉ።

«አልጋውን ነቅዬ ላዙረው» አለ ሲራክ። «ሁለት ሰዓት ብቻ።»

«ሁለት ሰዓት ከየት አላቸው?» አለች ኢሕሳን በለሆሳስ።

ሼህ አብዱልጀሊል የሲራክን ትከሻ ያዙ። «ልጄ፣ አትጨነቅ። ያልተቻለን ነገር አላህ አይጠይቅም። ምሥራቁም ምዕራቡም የእሱ ነው። ኒያቸውን፣ የልባቸውን ሐሳብ ያውቃል።» ሽማግሌውም ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ግድ የለም፤ አትቆጡት» አሉ።

ሲራክን የጎዳው ይኼ ነው። አንድ ሰው እንኳ ቢሰድበው፣ ኢሕሳን እንኳ ብታማርረው ይሻለው ነበር። ሁሉም ይቅር አሉት፤ ሰውየው ግን ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁት አልጋ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ሊሞቱ ነው። ከካራቫኑ ወጥቶ ጎማው ሥር ተቀመጠ። ድንጋዮቹን አያቸው፤ መጎተቻውን አየው፤ ግቢውን በዓይኑ ለካ። በሰሜን በኩል የአገዳ ክምር አለ፤ ከክምሩ ቀጥሎ የእሾህ አጥር። ብድግ አለ።

«ያ ሼህ፣ አሁን ከመስጊድ የሚወጣ ሰው አለ?»

«ዐስር ተሰግዶ አሁን ነው የሚወጡት። ምነው?»

«ይጥሩልኝ። አልጋው ካልዞረ ቤቱ ይዞራል።»

አሥራ አምስት ያህል ወንዶች መጡ። አገዳውን አፈረሱ፤ አጥሩን ነቀሉ። ካራቫኑ በአንድ ጥንድ ጎማ ላይ ስለሆነ እዚያው በቆመበት እንደ ወፍጮ ድንጋይ መዞር ይችላል፤ ችግሩ ድንገት እንዳይናጥ ነው። ሲራክ ግማሾቹን መጎተቻው ላይ፣ ግማሾቹን ኋላ መደባቸው፤ ቤቱን ደግፈው ሲይዙለት ድንጋዮቹንና ክሪኩን አወጣ። እሱ ራሱ በራስጌው መስኮት አጠገብ ቆሞ ወደ ውስጥ እያየ ሊመራቸው ተስማሙ። ኢሕሳን ከአባቷ ጎን ተንበርክካ እጃቸውን ያዘች።

«ቢስሚላህ በሉ። እኔ ስል ብቻ። ግፉ!»

ካራቫኑ አቃሰተ፤ ከዚያ ተንቀሳቀሰ። ቀስ፣ ቀስ። በመስኮቱ ውስጥ ጋሽ ኡበይደላ ዓይናቸውን ከፈቱ።

«ተነሣን?» አሉ።

«አዎ አባዬ፣ ተነሣን» አለች ኢሕሳን።

«ማነው የሚነዳው?»

«ሲራክ ነው።»

«ኩርባው ላይ ቀስ ይበል።»

«ቀስ እያለ ነው፤ እርስዎ ይተኙ» አለችና ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» የሚለውን ካሊማ ታሰማቸው ጀመር። ከንፈራቸው አብሯት ይንቀሳቀስ ነበር። ማንጎው ከመስኮቱ ወጣ፤ የጎረቤት ጣሪያ አለፈ፤ ደጃፉ መጣ። ሲራክ አንዴ ወደ ጎማው፣ አንዴ ወደ ውስጥ እያየ «ግፉ፣ ቁሙ፣ ግፉ» ይላል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

ግማሽ እንደ ዞሩ አንደኛው ጎማ ጉድባ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሰዎቹ ትንፋሽ ሰበሰቡ። ሲራክ ወደ ውስጥ አየ። የኢሕሳን ከንፈር ቆሟል። የአባቷ ደረት አይነሣም። ጠበቀ፤ አልተነሣም። ፊታቸው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ግቢው በር ነው፤ ቂብላ ገና ሩብ ዙር ይቀረዋል።

ኢሕሳን ቀና አለች። ከሲራክ ጋር ዓይን ለዓይን ተያዩ። አላለቀሰችም፤ እጇን ሰድዳ የአባቷን ዓይኖች ከደነች፤ ጉንጫቸውን ትራሱ ላይ አስተካከለች።

«ምን ሆንን? እንረፍ እንዴ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«እንዴት ናቸው?» አሉ ሼህ አብዱልጀሊል ከመጎተቻው በኩል።

ሲራክ እውነቱን ከተናገረ ሁሉም እጁን ከቤቱ ላይ ያነሣል። ለቅሶው ይጀመራል፤ ሴቶቹ ይሮጣሉ፤ ካራቫኑም ግቢው መሐል ተጋድሞ ይቀራል። ትከሻውን ከግድግዳው ጋር አጣበቀ።

«ደህና ናቸው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ትንሽ ነው የቀረን። ቀስ ብላችሁ፤ ግፉ!»