ሉቮን ወደ ቤት ማምጣት

ዙኪሌን በዚያ የባሕር ዳርቻ የማያውቀው አልነበረም። የሚሠራበትን ሎጅ እንግዶች በገደሉ አፋፍና በአሸዋው ላይ ሲመራ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ጠዋት መኪና ራቅ ያለ ቦታ ወስዶ ያወርዳቸዋል፤ ከዚያ ባሕሩን በጎን ይዘው ቀኑን ሙሉ በእግራቸው ይመለሳሉ። ማታ ሙቅ ውሃ፣ ንጹሕ አልጋና የዙኪሌ ሚስት ኖሲፎ የሠራችው እራት ይጠብቃቸዋል። በማግስቱ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዘው ይወጣሉ።

ባለፈው የብርድ ወራት አንድያ ልጃቸው ሉቮ ከጥቁሩ ዓለት ላይ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ማዕበል ጠረገው። የማጥመጃ ዘንጉ ተገኘ፣ እሱ አልተገኘም። መንደሩ ነቅሎ ወጥቶ ዳርቻውን ሲያስስ ሰነበተ፤ ባሕሩ ግን የወሰደውን አልመለሰም።

በአገሩ ሰዎች፣ በምፖንዶዎች ዘንድ ከቤቱ ርቆ የሞተ ሰው እዚያው አይተውም። ዘመዱ እሾሃም የቁርቁራ ቅርንጫፍ ይዞ ወደ ሞተበት ቦታ ይሄድና በስሙ ጠርቶ፣ መንገዱን እየነገረ መንፈሱን ወደ ቤቱ ያመጣዋል። ቅርንጫፉን የያዘ ሰው ሟቹን ከጠራ በኋላ ቤት እስኪደርስ ድረስ ከሟቹ በቀር ማንንም አያነጋግርም፤ ወደ ኋላውም አይዞርም። ኖሲፎ ባሏን ይህንን ስትለምነው ከረመች። ልጇ በሕልሟ እየመጣ በረደኝ ይላት ነበር። ዙኪሌ ግን ሬሳው ሳይገኝ ምን ብዬ እጠራዋለሁ እያለ፣ ዛሬ ነገ እያለ ጊዜውን ገፋው። እውነቱ ሌላ ነበር። ምናልባት መርከብ አንስቶት፣ ምናልባት የሆነ አገር ታሞ ተኝቶ የሚል ሐሳብ ልቡ ውስጥ ተወሽቆ ቀርቷል። ቅርንጫፉን ማንሳት ያንን ሐሳብ በገዛ እጁ መቅበር ሆነበት።

በዚያ ሳምንት ከመጡት እንግዶች አንዷ ማሪታ የምትባል፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። ከእህቷ ጋር ነው የመጣችው። በመጀመሪያው ቀን ዳገት ላይ ትንፋሽ ሲሰበስቡ ልጆች እንዳሉት ጠየቀችው።

«አንድ አለኝ» አላት ዙኪሌ። «ደርባን ከተማ ነው የሚሠራው።»

ከየት እንደመጣበት እሱም አላወቀም።

ማታ ማሪታ ለሾርባው አመስግና፣ ኖሲፎን ደርባን ስላለው ልጇ በደግነት ጠየቀቻት። ኖሲፎ የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አዎ፣ ሥራ ይበዛበታል ብላ ወደ ማድቤት ገባች።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ኖሲፎ መንገድ ላይ «ደርባን ላክኸው አሉ» አለችው።

«ከአፌ አመለጠኝ።»

«እኔ ከባሕር እጠብቀዋለሁ፣ አንተ ከደርባን። ልጁ በየት በኩል ይምጣ?»

ዙኪሌ እርምጃውን አፈጠነ።

«አንተን ላለማዋረድ ብዬ ሥራ ይበዛበታል አልኳት። ልጄን ካድኩት። ሁለተኛ እንዲህ አታስደርገኝ፣ የሉቮ አባት።»

ዙኪሌ ቆመ። «ሞቷል፣ አይደል?» አላት፣ የማያውቀውን ነገር እንደሚጠይቅ ሰው።

«ሞቷል» አለችውና ክንዱን ያዘችው።

በማግስቱ ጠዋት ከበረቱ ጀርባ ቅርንጫፉን ቆርጦ ወደ መኪናው መጣ። ለእንግዶቹ ልጁ ደርባን እንደሌለ፣ ባሕር እንደወሰደው፣ ዛሬ መንፈሱን ከጥቁሩ ዓለት ይዞ እንደሚመለስ ነገራቸው። ልጁን ከጠራ ወዲያ ሊያነጋግራቸው አይችልም፤ መንገዱ ግን ግልጽ ነው። ደስ የማይለው ካለ ሌላ መንገድ መሪ እንደሚፈለግለትም ነገራቸው። ማሪታ ፊቷ ቀላ። «እንከተልዎታለን» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም።

ዓለቱ ዘንድ ሲደርሱ ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ዙኪሌ እስከ ጫፉ ወጣ። የመንደሩ ሽማግሌዎች በሌሊት ያስጠኑት፣ ሟች ሲጠራ የሚቆጠረው የአባቶች ስም ሁሉ ጠፋበት። ቅርንጫፉን ወደ ውሃው ዘርግቶ ቆመና «ሉቮ፣ አባትህ ነኝ» አለ። «ዘገየሁብህ። ና እንሂድ። እናትህ ብርድ ገደለው እያለች ነው።»

ከዚያ መንገድ ጀመሩ። ይሄ ቁልቁለቱ ነው ልጄ፣ ሣሩ ያዳልጣል ይለዋል። ይሄ የአጎትህ ከብቶች የሚጠጡበት ነው ይለዋል። ልጁ በሕይወት ሳለ እንኳ ይህን ያህል አጫውቶት አያውቅም። እንግዶቹ ከኋላው ድምፅ ሳያሰሙ ይከተላሉ። ድንጋያማው ቦታ ላይ ማሪታ ተንሸራትታ ወደቀች። ዙኪሌ ሰማ፤ ግን መዞር አይችልም። ጀርባውን እንደሰጠ ቆመ።

«ትንሽ እንቁም ልጄ» አለ፣ «ሴትዮዋ ወድቃለች።»

እህቷ አንስታ አራገፈቻት። ዙኪሌ የእግራቸውን ኮቴ እስኪሰማ ጠብቆ ቀጠለ።

ወንዙ ባሕር ከሚገባበት ላይ በጀልባ የሚያሻግረው ሽማግሌው ፌዚሌ ነበር። ቅርንጫፉን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። የማሪታ እህት ከዙኪሌ አጠገብ ልትቀመጥ ስትል ፌዚሌ «እዚያ ሰው አለ» ብሎ ከኋላ አስቀመጣት።

ዙኪሌ ቤት ሲደርሱ ኖሲፎ የጠራችው ዘመድ አዝማድ ደጁን ሞልቶ ነበር። ኖሲፎ ከውስጥ ምንጣፍ አንጥፋ ጠበቀችው። ዙኪሌ ቅርንጫፉን አስተኛ። እሷ ተንበርክካ የሉቮን ብርድ ልብስ አለበሰችው፤ እሾሁ ጣቷን ሲወጋት እንኳ እጇን አልሰበሰበችም።

ውጭ ፍየል ታረደ፣ የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ ቀረበ፤ ለእንግዶቹም ከአጥሩ ሥር ተሰጣቸው። ዙኪሌ ግን አልወጣም። አሁን ከሰው ጋር መነጋገር ይችላል፤ አፉን ሲከፍት የወጣው ግን ጩኸት ነበር። መሬቱን በእጁ እየደበደበ አለቀሰ። ወንዶቹ ሊያነሱት ሲገቡ ኖሲፎ በሩ ላይ አገደቻቸው።

«ተዉት» አለች። «እኛ ስናለቅስ ከርመናል። እሱ ዛሬ ነው የጀመረው።»